የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አልወጣችም

አክስቴ እግሯን የሰበረችው አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ ወጥታ ነው። «ለምን አልጠራሽኝም?» ስላት፣ «አምፖል ሁለት ሰው አይፈልግም» አለችኝ፤ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋች፣ አምፖሉን በእጇ እንደያዘች። አምፖሉ አልተሰበረም። ይህንን ለጠያቂዎቿ ሁሉ ደጋግማ ነግራለች።

ከመሥሪያ ቤቷ የመጡት ጠያቂዎች «እትዬ አረንጓዴ» ይሏታል። በከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል በሚጽፍ ማሽን ነው። «ከሥራ ስትወጣ ፊቷ ራሱ አረንጓዴ ይመስላል» እያሉ ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ በሙሉ ጡረታ ወጥተዋል። ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም።

ማሽኗ ሚኒኮምፒውተር ትባላለች። ቁም ሣጥን ታክላለች። ይህ ሁሉ ቁመት ይዛ እንዴት «ሚኒ» እንደተባለች ሲጠይቋት፣ አክስቴ «እናቷን ስላላያችሁ ነው፤ እናቷ አንድ ፎቅ ሙሉ ትይዝ ነበር» ትላለች። በሆዷ የያዘችው ነገር ለሌላ ሰው አያጓጓም። ከአስፋልት ሥር የተቀበሩት የቧንቧ መዝጊያዎች፣ ሠራተኞቹ ቫልቭ የሚሏቸው፣ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ ታውቃለች፤ ከየትኛው ምልክት፣ በየት አቅጣጫ፣ በስንት ሜትር። ቧንቧ ሲፈነዳ ቆፋሪዎቹ ይደውላሉ፤ አክስቴ ስክሪኑን አይታ ትነግራቸዋለች፤ ይቆፍራሉ፤ ይዘጋሉ። ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ቫልቭ።

ስትቀጠር ታይፒስት ነበረች። ማሽኗን ተከትለው የመጡት ሁለት መሐንዲሶች «አንቺ የተሰጠሽን ብቻ ጻፊ፤ ሌላ ቁልፍ እንዳትነኪ» አሏት። «እሺ» አለች። ከዚያ አሥራ አንዱን ጥራዝ መመሪያ አንድ በአንድ ቤት እየወሰደች፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታች አነበበችው። ሁለት ዓመት ፈጀባት። መሐንዲሶቹ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ሲሄዱ፣ ሁሉንም ቁልፍ የምታውቅ እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ከአክስቴ አፍ የሚወጣ «እሺ» መስማማት ማለት እንዳልሆነ ልብ ያልኩት ይህን ታሪክ ስሰማ ነው። እኔን ስታሳድግ ብዙ ጊዜ «እሺ» ብላኛለች።

ከአምስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ማሽኗ አልተዛወረችም። ዲስኮቿ ስላረጁ፣ አንዴ ቆማ ከቀዘቀዘች በኋላ ተመልሳ ትነሣለች ብሎ የሚፈርም ሰው ጠፋ። በአሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከአንድ ጥበቃና ከአንድ ማራገቢያ ጋር ቀረች። የድሮዎቹ ስክሪኖችም ተራ በተራ ሞቱ። በምትካቸው ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ቨርቹዋል ተርሚናል የሚሉት ፕሮግራም መጣ። ሲከፈት ያንኑ ጥቁር መደብና አረንጓዴ ፊደል አስመስሎ ያሳያል፤ ከየትም ቦታ ሆኖ በመስመር ከማሽኗ ጋር ያገናኛል። ማሽኗ እንደሆነች ለውጡን አታውቅም፤ ፊት ለፊቷ የድሮው ስክሪን ያለ ይመስላታል።

አክስቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። «ሰው እንዴት ፊቱን ሳያሳይ እጅ ይነሣል?» አለች። እግሯ ሲሰበር ግን ባለውለታዋ ሆነ። የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ከፍና ዝቅ አድርጌ ከአልጋዋ ጋር አስተካከልኩላት፤ ላፕቶፑን እዚያ ላይ ዘረጋች። ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጀሶ ውስጥ፣ ከሥሩ ሁለት ትራስ።

እንዲህ እንዳለች ነው ያ ሐሙስ የመጣው።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። በአንድ ሰፊ መንገድ ላይ ትልቅ ቧንቧ ፈነዳ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ቫልቩ የት እንዳለ ሲጠይቅ፣ «ከመብራት ምሰሶው ወደ ምሥራቅ ስድሳ ስምንት ሜትር» ተባለ። ቆፈሩ፤ የለም። ትንሽ ራቅ ብለው ቆፈሩ፤ የለም። ሦስተኛ ቆፈሩ። በመጨረሻ ሰፈሩን በሙሉ ከዋናው መስመር ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤት ውኃ የለም፤ በሰፈሩ ላለው የእናቶች ክሊኒክም ውኃ በቦቴ ይመጣ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአክስቴ ስክሪን ግርጌ አንድ መልእክት ብልጭ አለ። «ማሽኗ ዛሬ ትዘጋለች። ተጠቃሚዎች ሥራቸውን ጨርሰው ይውጡ።» አንብባ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነበር። እጇ ቁልፎቹ ላይ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? እግርዎ እንዴት ነው?»

«እግሬ ተኝቷል። እኔ ነቅቻለሁ።»

«መልእክቱን አይተውታል መቼም። ከሲስተሙ ይውጡልን።»

«ምነው?»

«ማሽኗ በቃች። ማክሰኞ ያደረገችንን ሰምተዋል፤ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍራ ባዶ እጃችንን መለሰችን። መረጃዋ አርጅቷል። ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ሲስተም ነው የምንሠራው። ሁሉም ነገር በኢንተርኔቱ ደመና ላይ ወጥቷል።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች አክስቴ።

«አቤት?»

«ወተቷንም አላይ። ደመናው ላይ ያወጣችሁት ከየት ገልብጣችሁ ነው? ከዚችው ማሽን አይደለም? እዚህ ስድሳ ስምንት ከሆነ እዚያም ስድሳ ስምንት ነው።»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መምከር ዓይነት፣ «እትዬ፣ መዝገቡ እኮ የእርስዎ ነው» አላት። «ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት እርስዎ ነዎት። ስሕተቱ የማን ነው ብለን እንድንጠይቅ አያድርጉን። በክብር ይልቀቁ።»

አክስቴ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እግሯ ተሰብሮ ወለል ላይ ሳገኛት እንኳን እንዲያ አልሆነችም። መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«ጥያቄው ይጠየቅ» አለች። «እኔ አልወጣም።»

ስልኩን ዘጋችው።

«አልወጣም» ማለቷ የአልጋ ቁራኛ ሴትዮ ቁጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እንዲህ ዓይነቷ ማሽን ጨዋ ናት፤ በሥርዓት ዝጊ ስትባል ሥራ ላይ ያለ ተጠቃሚ እስኪወጣ ትጠብቃለች። አዲስ ሰው አታስገባም፤ ያለውን ግን አታባርርም። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ነበር። የቀረችው አንዲት ተጠቃሚ ጀሶ ያሰረችው አክስቴ ናት። እሷ እስካልወጣች ማሽኗ አትተኛም። አንድ ችግር ግን አለ፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ቁልፍ ያልነካ ሰው እንደሄደ ተቆጥሮ በራሱ ይወጣል።

«ያንን የሻይ ሰዓት አምጪልኝ» አለችኝ። ወጥ ቤት ያለውን ባለ ደወል ሰዓት ማለቷ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ሞላችው። የላፕቶፑን ገመድ ከበሩ መተላለፊያ አንሥቼ በአልጋው ሥር አዞርኩት፤ ማንም እንዳያደናቅፈው።

እንደገና ተደወለ። አሁን ኃላፊው ብቻውን አልነበረም፤ ከኋላው የኮምፒውተር ክፍሉ መሐንዲስ ይሰማል። መሐንዲሱን ቻርጀር ይሉታል፤ የገባበት ክፍል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሶኬት ነው።

«በግድ አስወጣቸው!» ይላል ኃላፊው።

«አልችልም» ይላል ቻርጀር። «የመዝጋት ፈቃድ እትዬ ሰጥተውኛል፣ መብራት ሲጠፋ እንዳድናት። ሰው የማስወጣት ግን የእሳቸው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሶኬቱን ንቀለዋ!»

«ቅጂው አልተጠናቀቀም እኮ። እንዲህ ከተነቀለች ዲስኩ ይበላሻል፤ ያኔ አዲሱም ሲስተም ጎደሎ ይቀራል።»

«እንደምን አደርክ ቻርጀር» አለች አክስቴ።

«ደህና... እንደምን አደሩ እትዬ» አለ፤ የተያዘ ተማሪ ይመስል።

«ስማኝማ። አዲሱ ሲስተማችሁ ዛሬ ያለውን ቁጥር ነው የገለበጠው። ትናንት ምን እንደነበረ፣ ማን እንደቀየረው፣ መቼ እንደቀየረው ያውቃል?»

«እሱን... አልገለበጥንም።»

«እሷ ግን ታውቃለች። እሷ ከተዘጋች እውነቱም አብሯት ይዘጋል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። አሁን ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሰዓቱ ጮኸ። አንድ ቁልፍ ነካች። መልሳ ሞላችው።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማሽን አይጠይቅም። «ነይ እስቲ» አለችኝ፤ «ከቤታችን በር ቆመሽ ስንት የመብራት ምሰሶ ይታይሻል?» ብዙ አልኳት። «በመካከላቸው ስንት ሜትር አለ?» አላወቅኩም። «ሠላሳ። የትም ሂጂ ሠላሳ ነው። ታዲያ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ሁለት ምሰሶ አልፎ ስድሳ ስምንት ሜትር የሚለካው? ለምን ከቅርቡ አይለካም?» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ይህ ቁጥር ከሜዳ አልመጣም። ከእጅ ነው የመጣው።»

ማሽኗ እያንዳንዱን ለውጥ የምትጽፍበት የራሷ ማስታወሻ አላት። አክስቴ እሱን ከፈተች። ረጅም ነው፤ ገጹ አያልቅም። በመካከሉ ሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል ጮኸ። ሻይ አፈላሁ፤ ቀዘቀዘ፤ ሳትነካው ወሰድኩት። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል «አሃ!» አለች፤ በእጇ የያዘችውን ዳቦ ወደ ሳሕኑ መለሰች።

መዝገቡ ሁለት መስመር ነው። በፊት፦ ከትልቁ ዛፍ 38 ሜትር። በኋላ፦ ከመብራት ምሰሶው 68 ሜትር። የቀየረው፦ ቻርጀር፤ እሷ ጀሶ ባሰረች በአራተኛው ቀን።

መንገዱ ሲሰፋ ዛፉ ተቆርጧል። መንገዱን ያሰፋው የሥራ ተቋራጭ አዲስ ልኬት አምጥቶ ነበር፤ አርባ አንድ ቫልቭ። አክስቴ ስለሌለች ያስገባው ቻርጀር ነው። ሰውየው የለካው ስድስት ሜትር ነው። ቻርጀር ሠላሳ ስምንት የሚለው ላይ ስድስትን ጻፈ። ስድስቱ በሦስቱ ቦታ ገባ። ስምንቱ ግን እንዳለ ቀረ።

«በድሮው ኪቦርድ» አለችኝ፣ «በቀኝ በኩል አንድ ሰፊ ቁልፍ ነበረች። ቁጥር ጽፈሽ እሷን ስትነኪ ከኋላ የቀረውን አሮጌ ቁጥር ትጠርገዋለች። መጥረጊያ ነበር የምንላት። ከመጥረጊያ በፊት አስገባ የሚባለውን ቁልፍ የነካ፣ ቤቱን ሳይጠርግ እንግዳ እንዳስገባ ነው። ላፕቶፕ ላይ መጥረጊያ የለችም፤ ሌላ ቁልፍ ላይ ነው የደበቋት። እሱ ምን ያውቃል፤ አስገባን ይጫናል፣ ይሄዳል።»

ሰዓቱን ሞላችና ለቆፋሪዎቹ አለቃ ደወለች። ጋሽ ፍልፈል ይሉታል፤ ከእሷ ጋር አንድ ሰሞን የተቀጠረ ሰው ነው።

«ፍልፈል፣ የት ነህ?»

«ሦስተኛው ጉድጓዴ አፍ ላይ ተቀምጬ ዕድሌን እያማሁ ነው። አንቺ ስብራት፣ እንዴት ነሽ?»

«ምሰሶው አጠገብ ሂድ። ወደ ምሥራቅ ስድስት ሜትር ለካ።»

«ስድስት? ማሽንሽ ስድሳ ስምንት ብላ የለም እንዴ?»

«ማሽኔ አላለችም። የሰው እጅ ነው ያለው። ቆፍር።»

«እታለም፣ ኃላፊው ሌላ አንዲት ጉድጓድ ብትቆፍር ወዮልህ ብሎኛል...»

«ስድስት ሜትር ላይ ካላገኘኸው ጀሶዬን ፈትተህ እኔን ቅበረኝ።»

ጋሽ ፍልፈል ሳቀ፤ «ለአንቺማ ጥልቅ ነው የምቆፍረው፣ እንዳትመለሺ» አለ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ «ና አካፋ!» ብሎ ሲጮህ ሰማን።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ያየሁባት። እስከዚያ ድረስ እሳት ነበረች። አሁን ሥራው ከእጇ ወጥቶ ሌላ መንገድ ላይ፣ በሌላ ሰው አካፋ ላይ ሆነ። ተሳስታ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ሁሉ ከሦስቱ ባዶ ጉድጓዶች ጋር አራተኛ ይሆናል። ሰዓቱ ሰባት ጊዜ ጮኸ። ሰባቱንም ጊዜ ቁልፏን ነካች፤ ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ቆየ።

ስልኩ የጮኸው ቀትር ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

«ክዳኑ አካፋዬን አንገጫግጮታል» አለ ጋሽ ፍልፈል። «ስድስት ሜትር ከአንድ ጫማ። ጫማዋን ይቅር ብዬሻለሁ።»

አክስቴ ትራሱን ከእግሯ ሥር ሳብ አድርጋ አስተካከለች፣ ምንም ሳይጣመም።

«እየሰማሽ ነው? የፈነዳውን ዘግቻለሁ። ዋናውን ልከፍት ነው፤ ክሊኒኩ ውኃ ያገኛል።»

«ክፈት» አለች። «ክፈት ፍልፈሌ።»

ኃላፊው ስምንት ሰዓት ላይ ሲደውል ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። አመሰገናት። በመሥሪያ ቤቱ ስም አመሰገናት። ከዚያ፣ «እንግዲህ ጉዳዩ ተፈቷል፤ አሁን ቢወጡልን?» አለ።

«አሥራ ስድስት ይቀራል።»

«ምኑ?»

«ጅራቱ ያልተጠረገ ቁጥር። ካስገባቸው አርባ አንድ ቫልቮች አሥራ ሰባቱ እንዲህ ናቸው፤ አንዱን ፍልፈል አወጣው። ቀሪዎቹ ደመናችሁም ላይ እንዲሁ ተሳስተው ተቀምጠዋል። ቻርጀርን ወደ ቤቴ ይላኩልኝ። በእጁ ያበላሸውን በእጁ ያስተካክል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ አለ። ዝጊ ተብላለች፤ ትእዛዙ አይመለስም። እኔ ስወጣ ትተኛለች። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንደምትቀሰቀስ፣ ቆፋሪዎቹ እያንዳንዱን ቫልቭ ሜዳ ላይ አረጋግጠው እስኪጨርሱም እንደማትዘጋ ይጻፍልኝ። በፊርማና በማኅተም።»

«እትዬ፣ ስድስት ሺህ ቫልቭ እኮ ነው! በቀን አምስት ቢታይ...»

«ችኮላ የለብኝም። ተኝቼ ነው የምሠራው።»

ቻርጀር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ጀሶውን አየ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን። «ሶኬቱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው» አለችው አክስቴ። ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«እትዬ፣ ስለዚያ ቁልፍ ማንም አልነገረኝም» አለ በመጨረሻ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አውቃታለሁ። አልተናገረችውም። ተወችው።

«ልክ ነህ» አለችው። «አልነገርኩህም። የሁላችንም እጅ ያውቃት ስለነበር መጻፍ እንደሚያስፈልግ ረሳሁ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለኃላፊህም እነግረዋለሁ። በቀኝ ያለውን ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጫን። አዎ፣ እሷ ናት። መጥረጊያ በላት።»

በዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ የመተኮሻውን ጠረጴዛ እየነካ፣ አሥራ ስድስቱን አንድ በአንድ አረመ። እሷ ከማስታወሻው ታነባለች፤ እሱ ይጽፋል፤ ይጠርጋል፤ ያስገባል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳይጠርግ ሊያስገባ ሲል እጁን በማንኪያ ጠቅ አደረገችው። ከዚያ በኋላ አልረሳም። ሰዓቱ ሲጮህ ሁለቱም እኩል ደነገጡ፤ ቁልፍ ሲነኩ ስለቆዩ ረስተውት ነበር።

ደብዳቤው አሥር ሰዓት ላይ በስልኳ ፎቶ ሆኖ ደረሰ። አሰፋችው፣ ማኅተሙን አየች፣ ቀኑን አየች፣ «አትዘጋም» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

ቻርጀር፣ «እትዬ፣ ባትነሣስ?» አላት ቀስ ብሎ። «ዲስኮቹ ለዓመታት ቆመው አያውቁም።»

«ያንተ ዲስክ ነው? ለእሷ ተውላት።» መውጫዋን ጻፈች። ጥቁሩ ስክሪን ባዶ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ የጠፋ ድምፅ አልነበረም፤ ማሽኗ ከተማዋን አቋርጣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ናት። ሦስታችንም ግን ጆሯችንን ጣልን።

አርብ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ነቅታ ነበር። ጸጉሯን አበጥራ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ከሩብ ሆነ። «እግሬን አሳክኮኛል» አለች፤ እግሯ ጀሶው ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ቻርጀር ደወለ። አልተናገረም። ስልኩን ወደ ማሽኗ አስጠግቶ ነው የያዘው መሰለኝ፤ መጀመሪያ የሚያቃስት፣ ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ቀስ በቀስ እየቀጠነ፣ እየተስተካከለ፣ አንድ ወጥ እሪታ ሆነ።

«ሰሙ እትዬ?»

«ሰማሁ» አለች። «እንደኔው ናት። ስትነሣ ትጮኻለች።»

ስክሪኑ አረንጓዴ ፊደሉን አሳየ። ስሟን ጻፈች፤ መጥረጊያዋን ነካች፤ ገባች። ወዲያው ስልኩ ሌላ ጥሪ አመጣ። ኃላፊው ነበር፤ «ማሽኗ ከእንግዲህ ምን ያህል ጊዜ ታስፈልጋለች?» ሊላት መሆን አለበት። አክስቴ ጥሪውን አየችው፣ ተወችው፣ ለጋሽ ፍልፈል ደወለች።

«ፍልፈል፣ አካፋህን ያዝ። ከአንድ ቁጥር እንጀምራለን።»